ያችን እጅ እንዴት እንመርምራት? የፖት ሊሚት ኦማሃ ውሳኔዎችን ለመከለስ የትኛው መንገድ ይሻላል

በአንድ ቅዳሜ ማታ ከፊቴ የነበረው 200 ነጥብ በአንዲት እጅ (በአንድ ዙር ጨዋታ) ሄደ። ያጣሁት ባቄላ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ብርዱ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባዋል። እኛ አምስት ጓደኛሞችም ጋቢያችንን ደርበን፣ ቡና አስፈልተን ፖት ሊሚት ኦማሃ የተባለውን የፖከር ዓይነት እንጫወታለን። አንድ ጥሬ ባቄላ አንድ ነጥብ ነው፤ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ አሥር ነጥብ። ገንዘብ አናስይዝም። ይህን የወሰንነው በደንብ አስበንበት ነው። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ስህተቱን ቁጭ ብሎ ማየት ያቅተዋል፤ እኛ ደግሞ የምንሰበሰበው ጨዋታውን ለመማር ነው።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባቄላው አልነበረም ያሳሰበኝ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አለማወቄ ነው። ተሳስቼ ነበር ወይስ ካርታው ብቻ ነው የከዳኝ? ይህን ለማወቅ ብዙ መንገድ አለ፦ ደብተር፣ ጓደኛ፣ ማስያ፣ ሶልቨር። ሁሉንም በዚያችው እጅ ላይ ሞከርኳቸው። የትኛው ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን ከዚህ በታች አነጻጽራለሁ።

መጀመሪያ ግን ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። በኦማሃ እያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ይታደለዋል። መሃል ላይ አምስት ካርታ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ ሦስት (ፍሎፕ)፣ ከዚያ አንድ (ተርን)፣ ከዚያ አንድ (ሪቨር)። አምስት ካርታ ስትሠራ ከእጅህ ሁለት፣ ከመሃል ሦስት የግድ ነው። አንድ መጠቀም አይቻልም፤ ሦስትም አይቻልም። መሃል ላይ አራት ስፔድ ቢኖርና እጅህ ላይ አንዲት የስፔድ ኤስ ብቻ ብትኖር ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) የለህም። ከሆልደም፣ ማለትም ሁለት ካርታ ብቻ ከሚታደልበት ፖከር፣ የመጣ ሰው ሁሉ አንዴ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህች ናት።

ፖት ሊሚት ማለት ደግሞ ትልቁ ጭማሪ መሃል ካለው ክምር አይበልጥም ማለት ነው። ስትጨምር መጀመሪያ የተከተልክ ያህል ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ክምሩ የደረሰበትን ያህል ትጨምራለህ። መሃል 22 ቢኖርና ሰው 22 ቢያስይዝ፣ አንተ 22 ስትከተል ክምሩ 66 ይሆናል። ስለዚህ 66 መጨመር ትችላለህ፤ በድምሩ 88 ታስቀምጣለህ ማለት ነው።

አሁን ወደ እጄ። አዳዩ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከፍሎፕ በኋላ ሁልጊዜ የመጨረሻው ተናጋሪ ነኝ። የታደለኝ የልብ ጃክ፣ የዳይመንድ 10፣ የፍላወር 7፣ የልብ 6 ነው። መነሻው፣ ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስቀምጡት፣ 1 እና 2 ነጥብ ነው። የደብረ ሲናው ጓደኛችን ወደ 7 ጨመረ። እኔ ተከተልኩ፤ 2 ያስቀመጠውም ተከተለ፤ 1 ያስቀመጠው ጣለ። መሃል 22 ሆነ። ፍሎፑ የስፔድ 9፣ የስፔድ 8፣ የዳይመንድ 2። የመጀመሪያው አለፈ። የደብረ ሲናው 22 አስያዘ። እኔ 88 አስቀመጥኩ። ሌላው ጣለ። የደብረ ሲናው ሳያመነታ ያለውን 193 በሙሉ ገፋው። እኔም የቀረችኝን 105 አስገባሁ። ካርታው ሲገለጥ የስፔድ ኤስ፣ የስፔድ ኩዊን፣ ሁለት 9። ሦስት 9 አለው፤ የትልቁ ፍላሽ ተስፋም አለው። ተርን ላይ ስፔድ ወጣ፤ እዚያው አለቀ።

ደብተርና እርሳስ

ከሁሉም መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ እጅህ እየጻፈ አእምሮህ ይዘገያል። ኦማሃ ላይ የሚጎዳን ደግሞ ጥድፊያ ነው።

ያን ማታ ፍሎፑን ሳይ በልቤ ያልኩት «20 ካርታ ያድነኛል» ነበር። እውነት ነው፤ ቆጠራው 20 ነው። ካላየኋቸው 45 ካርታዎች 20ዎቹ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ይሠሩልኛል። ተጫዋቾች ራፕ የሚሉት ይህን ነው፤ ካርታህ የመሃሉን ግራና ቀኝ ሲከበው። ከዚህ የሰፋ ራፕ የለም። ተርን ላይ ብቻ 44 በመቶ ገደማ ነው። ልቤ ሞቀ፤ 88ቱን አስቀመጥኩ።

እሁድ ጠዋት ያንኑ ቆጠራ በእርሳስ ደገምኩት። በእያንዳንዷ ካርታ ፊት ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ስንት ቀረ? ስፔዷ ስትወጣ ስንት ይሆናል? የምሠራው ስትሬት ነት ነው? ነት የምንለው በዚያ ሜዳ ላይ የሚበልጠው የሌለውን ነው።

ኩዊን፦ 4 አለ፣ ያለ ስፔድ 3፣ ነት ነው።
ጃክ፦ 3 አለ፣ ያለ ስፔድ 2፣ ነት አይደለም፤ ኩዊንና 10 የያዘ ይበልጠኛል።
10፦ 3 አለ፣ ያለ ስፔድ 2፣ ነት አይደለም፤ ኩዊንና ጃክ የያዘ ይበልጠኛል።
7፦ 3 አለ፣ ያለ ስፔድ 2፣ ነት ነው።
6፦ 3 አለ፣ ያለ ስፔድ 2፣ ነት ነው።
5፦ 4 አለ፣ ያለ ስፔድ 3፣ ነት ነው።

ድምሩ 20። ስፔዶቹ ሲወጡ 14። ነት ያልሆኑት ሲወጡ 10። የማታው 20 ጠዋት 10 ሆነ! እጄ ላይ አንድም ስፔድ ስለሌለ ስፔድ ሲወጣ ስትሬቴ ቢሠራም ፍላሽ ያለው ሰው ይበላኛል። ይህን ገበታው ላይም አውቀው ነበር። ግን ማወቅና መቁጠር ይለያያሉ።

ደብተሩ ሌላም ነገር ሰጠኝ። እጇን በውሳኔ በውሳኔ ቆራረጥኳት። አራት ውሳኔ ወጣ፦ 7ቱን መከተሌ፣ ፍሎፕ ላይ አለመጣሌ፣ ከመከተል ይልቅ መጨመሬ፣ በመጨረሻ 105ቱን ማስገባቴ። ያመመኝ የመጨረሻው ነበር፤ ባቄላው የሄደው እዚያ ላይ ነዋ። ግን እስቲ እዩት። ያኔ 105 ሳስገባ ክምሩ 408 ይሆናል። 105 ለ408 ሲካፈል 25.7 በመቶ ነው። ከአራት አንዴ ከትንሽ በላይ የማሸነፍ ዕድል ካለኝ መጣል ስህተት ነው ማለት ነው። ያመመኝ ውሳኔ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ያለው ከሱ በፊት ባለው ላይ ነው። ይህን መለየት የሚያስችል ከደብተር የተሻለ መሣሪያ አላየሁም።

ድክመቱ? ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሌላው ሰው ምን ሊይዝ እንደሚችል የምትገምተው አንተው ነህ፤ ግምትህ ከተጣመመ ደብተሩ አብሮህ ይጣመማል። ሁለተኛ፣ ሁለት እጅ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ማን ስንት በመቶ እንዳለው በእርሳስ ማውጣት ይደክማል። ይቻላል፤ እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ።

አንድ ልማድ ግን ያዙ። የሌላው ካርታ ከመገለጡ በፊት «ምን የያዘ መሰለኝ?» የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉ። ካርታው ከተገለጠ በኋላ ሰው ሁሉ «ጠርጥሬ ነበር» ይላል። እኔም ብዬ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ግን አልነበረም።

ከጓደኞች ጋር መወያየት

ይህ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም። ጥቅሙ ሰውየውን ማወቃችን ነው። የደብረ ሲናው ጓደኛችን 193 የሚገፋው መቼ እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማሽን የለም። ብላፍ ሲያደርግ፣ ማለትም ደካማ እጅ ይዞ ሲያስፈራራ፣ አይተነው አናውቅም። ባቄላውን ሳያመነታ ሲገፋ ደግሞ ወይ ሦስት አንድ ዓይነት ይዟል፣ ወይ ኤስ ያለበት ፍላሽ እየጠበቀ ነው። ይህ ዕውቀት ዋጋ አለው።

ችግሩ ውጤቱን ሁሉም አይቶታል። ካርታው ከተገለጠ በኋላ የሚደረግ ውይይት ወዲያው ወደ «አላልኩህም?» ይዞራል። አንድ ሰው ተሸንፎ ከሆነ ሁሉም የተሳሳተበትን ይፈልግለታል። ያው እጅ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ «ጎበዝ!» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ውሳኔው ግን አንድ ነው።

እኛ ያገኘነው መላ ይህ ነው። እጇን ማታ ላልነበረ ሰው እንነግራለን፤ ታሪኩንም ውሳኔው ላይ እናቆመዋለን። ሸዋ ሮቢት የምትሠራ እህት አለችን፤ አንዳንዴ ብቻ ነው የምትመጣው። በቴሌግራም በድምፅ እልክላታለሁ፦ «ፍሎፑ ይህ ነው፣ መሃል 22 አለ፣ እሱ 22 አስያዘ፣ አንቺ ብትሆኚ?» ከዚያ ዝም። ማን እንዳሸነፈ አልነግራትም። የሷ መልስ ሁልጊዜ ከኛ የጠራ ነው፤ እኛ ያየነውን ስፔድ አላየችውማ። ለዚህች እጅ የመለሰችው አጭር ነበር፦ «ስፔድ የለህም፤ መጨረሻ ተናጋሪ ነህ፤ ምን አስቸኮለህ? ተከተልና ተርኑን እየው።»

ሌላው ነገር የአነጋገር ተራ ነው። ከመሃላችን አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸው ቀድመው ከተናገሩ ውይይቱ ያልቃል። ማን ጋሼን ይቃወማል? ስለዚህ እሳቸው ራሳቸው ሕግ አወጡ። መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ጋሼ መጨረሻ። ይህን ሕግ ካወጣን ወዲህ የማንሰማው ሐሳብ መስማት ጀመርን። የአንድ ቤት ጨዋታ ያላችሁ ሁሉ ሞክሩት፤ ምንም ወጪ የለውም።

የድርሻ ማስያ

ይህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሁለት ወይም የሦስት ሰው ካርታና የመሃሉን ታስገባለህ፤ እያንዳንዱ ስንት በመቶ የማሸነፍ ድርሻ እንዳለው ይነግርሃል። ነፃ የሆኑ አሉ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ጨዋታው «ኦማሃ» መሆኑን ምረጡ። በሆልደም ሕግ ካሰላ «ሁለት ከእጅ የግድ» የሚለውን አያከብርም፤ ቁጥሩም ከንቱ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ግን ሌላ ነው። የተገለጠውን ካርታ ብቻ ያስገባል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ አደረግሁ። ሦስት 9 ከኤስ ፍላሽ ተስፋ ጋር አስገባሁ፤ ድርሻዬ 30 በመቶ ገደማ ወጣ። ልቤ ወረደ። ግን እሱ ሲገፋ እኔ ያንን ካርታ አላየሁም ነበር። ሊይዝ የሚችለው ብዙ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓይነት እጅ አስገባሁ።

አንደኛው የተገለጠው፦ የስፔድ ኤስና ኩዊን፣ ሁለት 9። ድርሻዬ 30 በመቶ።

ሁለተኛው፦ ሁለት ኤስ ከስፔድ ኪንግ ጋር፣ አራተኛው ተራ 4፤ አንዱ ኤስ ስፔድ ነው። ሦስት አንድ ዓይነት የለውም፤ ፍላሽ ግን ይጠብቃል። ድርሻዬ 42 በመቶ።

ሦስተኛው፦ ሁለት 9 ከኤስና ከኪንግ ጋር፣ ስፔድ የሌለበት። ድርሻዬ 54 በመቶ! ሦስት 9 ይዞ ሳለ እኔ ከሱ እበልጣለሁ ማለት ነው። ምክንያቱም አሁን ስፔድ ቢወጣ ፍላሽ አይሠራለትም፤ የሚያድነው የመሃሉ ካርታ ሲጣመር ብቻ ነው።

ይህ የኦማሃ ጠባይ ነው። አራት ካርታ ስላለ እጆች ይቀራረባሉ። ገና ካልተሠራ እጅ ጋር ሦስት አንድ ዓይነት የያዘ ሰው ተሸናፊ የሚሆንበት ጨዋታ ነው። ያንን በዓይናችሁ ለማየት ከማስያ የተሻለ የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ወጣ። መጀመሪያ የመጨረሻው ውሳኔዬ። 25.7 በመቶ ነበር የሚያስፈልገኝ። ከሦስቱ በከፋው እንኳ 30 አለኝ። ስለዚህ 105ቱን ማስገባቴ ትክክል ነበር። አልቆጭም።

ሁለተኛው መጨመሬ ነው። ሦስቱ እጆች እኩል ይመጣሉ ብንል አማካዩ 42 በመቶ ይሆናል። 42 በመቶ ከ408 ስንወስድ 171 ነው። ከፍሎፕ በኋላ ያስገባሁት 193። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በተጋጠምን ቁጥር በአማካይ 22 ነጥብ ገደማ እከስራለሁ። በሌላ በኩል ስጨምር እሱ ቢጥል መሃል ያለውን 22 እና የሱን 22፣ በድምሩ 44 አገኛለሁ። 44 ለማግኘት 22 አጣለሁ፤ ስለዚህ ከሦስት አንዴ ከጣለ እኩል እወጣለሁ። ከዚያ በላይ ከጣለ መጨመሩ ያዋጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አያዋጣም። ሦስተኛውን ሰው ከሒሳቡ አውጥቼዋለሁ፤ እሱ ሲጨመርበት ለኔ የሚከፋ እንጂ የሚሻል አይሆንም።

አያችሁ፣ ትልቁ ጥያቄ ወደ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ወረደ። የደብረ ሲናው ጓደኛችን እንዲህ ባለ ፍሎፕ ላይ 22 አስይዞ ሲጨመርበት ከሦስት አንዴ ይጥላል ወይ? ማስያው ይህን አያውቅም። ጓደኞቼ ያውቃሉ።

የማስያው ድክመትም እዚህ ላይ ነው። የሚያሰላው ሁሉም ካርታ እስከ መጨረሻ እንደሚወጣና ማንም ከዚያ በኋላ እንደማያስይዝ አድርጎ ነው። ሁለታችንም ሙሉውን ስንገፋ ይህ እውነት ነው። ብከተል ኖሮ ግን ጨዋታው ይቀጥል ነበር። ስፔድ ቢወጣ በ22 ብቻ ጥዬ እወጣ ነበር፤ ስፔድ ያልሆነ 7 ወይም 5 ቢወጣ ከሱ ብዙ እወስድ ነበር። መጨረሻ ተናጋሪ መሆን ዋጋው ይህ ነው። 22 ለመከተል 33 በመቶ ድርሻ ያስፈልጋል ይላል ሒሳቡ፤ 22 ለ66። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን በመቶኛ ብቻ መለካት አይቻልም።

ሶልቨር

ሶልቨር ከማስያ ይለያል። ማስያ «ድርሻህ ስንት ነው» ይላል፤ ሶልቨር «ምን ታደርጋለህ» ይላል። ሁለቱም ወገን ሊበዘበዝ በማይችል መንገድ ቢጫወቱ እያንዳንዱ እጅ ስንት ጊዜ ይጨምራል፣ ስንት ጊዜ ይከተላል፣ ስንት ጊዜ ይጥላል የሚለውን ይፈልጋል። ለኦማሃ ከሚታወቁት አንዱ ሞንከርሶልቨር ነው።

ከባድ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሆልደም ሁለት ካርታ ስለሚታደል ሊመጣ የሚችለው መነሻ እጅ 1,326 ነው። በኦማሃ 270,725። ምልክታቸው ብቻ የተለያየውን እንደ አንድ ብንቆጥር እንኳ 169 በ16,432 ይተካል። ይህን ሁሉ ለመሸከም ትልቅ ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ አይችለውም። አስቀድሞ የተሰላውን በየወሩ ከፍሎ ማየትም ይቻላል፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ከዚህ ሆኖ ዶላር መክፈል ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ዋጋውን እንተወውና ለኛ ለመሰለ ገበታ ይጠቅማል ወይ? በእኔ እምነት ገና ነው። ሶልቨሩ ከፊትህ ያለውን ሰው እንደ ራሱ አድርጎ ያስባል። ብላፍ የማያደርገውን የደብረ ሲናውን ሰው አያውቀውም። «ይህን እጅ ግማሹን ጊዜ ጨምር» ቢለኝ፣ ይህ የሚሠራው የሚጥል ሰው ሲኖር ነው። የኛ ሰው ካልጣለ ምክሩ ይከሽፋል። ለገንዘብ፣ በየቀኑ፣ ከማያውቋቸው ጠንካራ ተጫዋቾች ጋር ለሚጫወቱ ግን ከሁሉም በላይ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ቪዲዮ ማየትና ለአሠልጣኝ መክፈልም አለ። ቪዲዮ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ያንተን እጅ ግን አያይልህም። አሠልጣኝ ያያል፤ ዋጋው ለባቄላ ጨዋታ የሚመጥን አይደለም።

ታዲያ የትኛውን?

ገና ከሆልደም የመጣህ ከሆነ ደብተር ብቻ። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ አትንካ። የሚያድኑህን ካርታዎች ቁጠር፤ ነት ያልሆኑትን ሰርዝ፤ ፍላሽ የሚያመጡትን ሰርዝ። እኔን ያሞኘኝ ሃያው አሥር የሆነበት ቆጠራ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም እዚያው ነው የሚገኘው።

ቆጠራው እጅህ ላይ ከገባ ማስያ ጨምር። ግን በፊት ግምትህን ጻፍ። «35 በመቶ ይመስለኛል» ብለህ ጽፈህ ከዚያ ክፈተው። ሳይገምቱ ማስያ የሚከፍት ሰው ገበታ ላይ ያለ ስልክ ምንም አይደለም።

ቋሚ ገበታ ካለህ፣ ሰዎቹንም የምታውቅ ከሆነ፣ ውይይቱ ከማስያ ይበልጥብሃል። ውጤቱን ደብቅ፤ ትንሹ ይጀምር። ብቻህን በስልክ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ውይይት የለህም፤ ደብተርና ማስያ ይበቁሃል።

የትኛውን እጅ እንደምትከልስም አስብበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ፊንላንዳዊው የፖከር ተጫዋች ፓትሪክ አንቶኒየስና ኢሲልዱር1 በሚል ስም የሚጫወተው ስዊድናዊው ቪክቶር ብሎም በኢንተርኔት ፖት ሊሚት ኦማሃ ሲጫወቱ አንድ ክምር ከ1.35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ አንቶኒየስ ወሰደው። ያን ጊዜ በኢንተርኔት ከታዩት ሁሉ ትልቁ ነበር። ሰው እስካሁን የሚያወራው ስለዚያ ነው። እኛም እንደዚያው ነን፤ ትልቁን ክምር ብቻ እናስታውሳለን። በማታ ውስጥ ግን ሃያ ሠላሳ ጊዜ የምንወስነው ትንሹን ነው፦ ይህን እጅ በ7 ልከተል ወይስ ልጣል? የልብ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6፤ ጥሩ ነው፣ በመሃሉ ግን ክፍተት አለው፤ ሁለቱ ልብ ቢሆኑም ፍላሻቸው የጃክ ብቻ ነው። መጨረሻ ተናጋሪ ባልሆን እጥለው ነበር። ደብተሬ ውስጥ ከእያንዳንዱ ትልቅ እጅ ጎን ሁለት ትናንሽ እጆች እጽፋለሁ አሁን።

ያችን እጅ በመጨረሻ ገበታው ላይ አቀረብኳት። ጋሼ ሒሳቡን በእርሳስ ደግመው ሠሩት፤ ከሦስት አንዴ የሚለውን ተስማሙበት። በመልሱ ግን አልተስማማንም። እኔ «ይህ ሰው ከሦስት አንዴ አይጥልም፤ መከተል ነበረብኝ» አልኩ። እሳቸው ደግሞ ሁለት ኤስ ይዞ ሲጨመርበት ጥሎ ያውቃል አሉ፤ እኛ ስላላየነው ነው እንጂ። የጣለ ሰው ካርታ አይገለጥማ! የደብረ ሲናው ሰው ቡናውን እየጠጣ ዝም ብሎ ያዳምጠን ነበር፤ ምንም አልተናገረም።

ስለዚህ ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። አንዱ «ተጨመረበት፣ ጣለ»፤ ሌላው «ተጨመረበት፣ ቀጠለ»። ማን እንዳሸነፈ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ገና ጥቂት ምልክት ብቻ ነው ያለበት፤ ክርክሩን ለመፍታት አይበቃም። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመቀመጣቸው በፊት ገጹን ገልጠው ይቆጥሩታል።